ከሰማይ የታየ እሳት
የሰደድ እሳትና የተቃጠለ ምድር ምልከታ ታሪክ፥ ከባሌ ደኖች እስከ ላንቴ

መግቢያ

እሳት የሰው ልጅ ከያዛቸው መሣሪያዎች ሁሉ አንጋፋው ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። ምድጃውን ያሞቃል፥ ምንጣሮውን ያጸዳል፥ አሮጌውን ሣር አስወግዶ ለከብት ለጋ ሣር ያበቅላል። ከእጅ ሲያመልጥ ግን ሰደድ እሳት ሆኖ ደኑንና አዝመራውን፥ አንዳንድ ጊዜም ጎጆውን ጭምር ይጨርሳል። የአገራችን ታሪክ ጸሐፊዎች ስለ ጦርነት፥ ስለ ረኃብ፥ ስለ ወረርሽኝና ስለ ነገሥታት ብዙ ጽፈውልናል፤ ስለ እሳት የተጻፈው ግን እጅግ ጥቂት ነው። ይኸውም የሚያስደንቅ አይደለም፤ ሰደድ እሳት የሚነሣው አብዛኛውን ጊዜ ጸሐፊ በሌለበት በቈላና በጫካ ሲሆን፥ ዝናብ ከመጣ በኋላም አመዱን አጥቦ፥ ሣሩን አብቅሎ ምስክሩን ያጠፋዋልና።

በዚህ ጽሑፍ ለመመርመር የምንሞክረው ይህ ምስክር የሌለው ነገር በምን ሁኔታ ምስክር እንዳገኘ ነው። ሰው ሠራሽ ጨረቃዎች፥ ማለት ሳተላይቶች፥ እሳትንና እሳት ያለፈበትን ምድር ከሰማይ ማየት የጀመሩበትን ታሪክ በአጭሩ እንገልጻለን፤ ቀጥለንም ይህ አዲስ ምልከታ በኢትዮጵያ ምን እንዳሳየና ምን እንደ ሰወረ እንመለከታለን። ለዚህም ሁለት ስፍራ መርጠናል። አንደኛው በ1992 ዓ.ም. የታወቀው ታላቅ ቃጠሎ የደረሰበት የባሌና የቦረና ደን ሲሆን፥ ሁለተኛው በጋሞ ዞን ከአባያ ሐይቅ ምዕራባዊ ዳር የሚገኘው ላንቴና አካባቢው ነው። የመጀመሪያው ዓለም የሰማው ታላቅ እሳት ነው፤ የሁለተኛው ትናንሽ እሳቶች ግን ከገበሬው በቀር ማንም የማይቈጥራቸው ናቸው። ሁለቱን ጎን ለጎን ማየት ለጥያቄያችን ይጠቅማል ብለን እናምናለን።

አንባቢ እንዲረዳው፥ በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በኢትዮጵያ አቆጣጠር የተጻፉ ሲሆን የአውሮጳው ዓመት በቅንፍ ገብቷል።

1ኛ፤ ከሳተላይት በፊት

የአፍሪካን እሳት ከሩቅ አይቶ መጻፍ አዲስ ነገር አይደለም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በምዕራብ አፍሪካ ጠረፍ በመርከብ ያለፈው የቀርጣግናው ሐኖ፥ ሌሊት ሌሊት በየብሱ ላይ ብዙ እሳት ሲነድ እንደ ታየ በጉዞው ታሪክ ተጽፎለታል። ወደ አገራችን ደቡብ የዘለቁት የአውሮጳ ተጓዦች ግን የሚፈልጉት ሌላ ነበር። ጣሊያናዊው ቪቶሪዮ ቦቴጎ በ1888 (1896) ከአባያ ሐይቅ ሲደርስ ዋና ሐሳቡ ወንዞቹና ሐይቆቹ ወዴት እንደሚፈሱ ማወቅ ነበር፤ ሐይቁንም ነባር ስሙን ትቶ በጣሊያን ንግሥት በማርጌሪታ ስም ጠራው። እንዲህ ያለው ተጓዥ አንድ ጊዜ ያልፋል፤ በየዓመቱ በጋ በዚያው ስፍራ ምን እንደሚነድ ሊያውቅ አይችልም።

ከዚያ ወዲህ የአየር ፎቶግራፍ መጣ። ጣሊያኖች በወረራቸው ዘመን የኢትዮጵያን ብዙ ክፍል ከአውሮፕላን ፎቶግራፍ አንሥተዋል። ከ1950ዎቹ አጋማሽ (1960ዎቹ መጀመሪያ) ጀምሮም በአሜሪካ የካርታ ልዑክ እርዳታ የአገሪቱ ካርታ በአየር ፎቶግራፍ ሲሠራ ቈይቷል። እነዚህ ፎቶግራፎች ደኑ የት ድረስ ይደርስ እንደ ነበረ ለማወቅ ዛሬም ከፍ ያለ ዋጋ አላቸው። ነገር ግን አውሮፕላኑ የሚያነሣው አንድን ስፍራ በብዙ ዓመት አንድ ጊዜ ነው። ካርታ ለመሥራት ይህ ይበቃል፤ እሳትን ለመከታተል ግን አይበቃም። እሳት የዕለት ጕዳይ ነውና፥ የሚጠብቀውም ዓይን ዕለት ዕለት የሚመለስ መሆን አለበት።

2ኛ፤ የአየር ሁኔታ መሣሪያ የእሳት ምስክር እንደ ሆነ

መጋቢት 23 ቀን 1952 (1960) ታይሮስ 1 የተባለው የአሜሪካ ሳተላይት ወደ ጠፈር ወጣ። ደመናን ለማየት የተሠራ የመጀመሪያው ስኬታማ የአየር ሁኔታ ሳተላይት ይህ ነው። ከ12 ዓመት በኋላ ሐምሌ 16 ቀን 1964 (1972) የምድርን ሀብት ለመመርመር የተሠራው፥ በኋላ ላንድሳት 1 የተባለው ተከተለ። ልብ ሊባል የሚገባው፥ ከእነዚህ መካከል ለእሳት ተብሎ የተሠራ አልነበረም። አንደኛው ለደመና፥ ሁለተኛው ለእርሻ፥ ለደንና ለማዕድን ታስቦ ነበር። እሳት ወደ ሳይንሱ መዝገብ የገባው በጎን በር ነው ማለት ይቻላል።

ይህ በጎን በር መግባት በሁለት መንገድ ሆነ። የመጀመሪያው በሌሊት ምስል ነው። የአሜሪካ ጦር ኃይል የአየር ሁኔታ ሳተላይቶች በጨረቃ ብርሃን ደመናን እንዲያዩ እጅግ ደካማ ብርሃን የሚለይ መሣሪያ ተገጥሞላቸው ነበር። ምስላቸው ለሕዝብ ከተፈቀደ በኋላ ቶማስ ክሮፍት የተባለው ተመራማሪ በ1970 (1978) ባወጣው ጽሑፍ፥ በሌሊቱ ምድር ላይ የሚታየው ብርሃን የከተማ መብራትና የነዳጅ ጉድጓድ ነበልባል ብቻ እንዳልሆነ፥ በአፍሪካ ላይ የሚታየው ብዙው ብርሃን ገበሬና አርብቶ አደር የለኰሰው እሳት እንደ ሆነ ገለጸ። የኤሌክትሪክ መብራት ባልደረሰበት አገር እሳት ከጠፈር ዘንድ የሰው መኖር ምልክት ሆኖ ታየ።

ሁለተኛው መንገድ በሙቀት ነው። ከ1971 (1978) ጀምሮ የአሜሪካ የውቅያኖስና የከባቢ አየር መሥሪያ ቤት ያሰማራቸው፥ በአጭሩ ኖአ የሚባሉት ሳተላይቶች፥ የባሕርን ሙቀትና ደመናን ለመለካት የታሰበ መሣሪያ ይዘው ነበር። ማይክል ማትሰንና ጄፍ ዶዚየር በ1981 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ባሳተሙት ጥናት፥ በፋርስ ባሕረ ሰላጤ የሚነደውን የነዳጅ ጋዝና በአሜሪካ ያሉትን የብረት ማቅለጫዎች በዚሁ መሣሪያ ለይተው አወቁ። ትኩሱ ነገር መሣሪያው ከሚያየው ከአንዱ ነጥብ ስፋት እጅግ ያነሰ ቢሆንም እንኳ ሊታወቅ እንደሚችል አሳዩ። ከዚህ በኋላ ያለው የእሳት ምልከታ ታሪክ በዚህ ግኝት ላይ የተሠራ ነው።

3ኛ፤ ሙቀት እንዴት ይታያል፥ ጠባሳስ እንዴት ይነበባል

የዚህን አሠራር ምሥጢር በጥቂቱ ማስረዳት ያስፈልጋል፤ የሚያሳየንንና የማያሳየንን የሚወስነው እርሱ ነውና።

ማናቸውም ሙቀት ያለው ነገር ዓይን የማያየው ጨረር ያወጣል። በተለመደው የቀን ሙቀት ያለ መሬት አብልጦ የሚያወጣው ጨረር ሞገዱ 10 ማይክሮሜትር ገደማ የሆነውን ነው፤ አንድ ማይክሮሜትር የሚሊ ሜትር አንድ ሺህኛ ነው። የሚንቀለቀል እሳት ግን አብልጦ የሚያወጣው ከ3 እስከ 4 ማይክሮሜትር ያለውን ነው። ስለዚህ አንድ መሣሪያ ሁለቱን ሞገዶች ጎን ለጎን ለክቶ፥ የአጭሩ ሞገድ ጨረር ከመጠን በላይ በዝቶ ባገኘ ጊዜ በዚያ ነጥብ ውስጥ እሳት አለ ብሎ ይፈርዳል።

እንግዲህ «ነጥብ» የምንለው ምን ያህል ስፋት ያለው ነው? ሞዲስ የተባለው ብዙ ያገለገለ መሣሪያ እሳትን የሚመለከትበት ነጥብ በግምት አንድ ኪሎ ሜትር በአንድ ኪሎ ሜትር ነው። ይህም 100 ሄክታር፥ በቀድሞው ልክ ሁለት ጋሻ ተኩል ያህል ማለት ነው። በዚህ ስፋት ውስጥ አንድ ሺህ ካሬ ሜትር ገደማ የሚሆን ቦታ ቢነድ መሣሪያው አብዛኛውን ጊዜ ያውቀዋል። ከዚያ ያነሰውን ደግሞ አየሩ ጥሩ ሲሆን ሊያውቅ ይችላል፤ ደመና ወይም ወፍራም ጭስ ሲጋርደው ግን ያመልጠዋል። በጥቅምት 2004 (2011) በወጣው ሱኦሚ በተባለው ሳተላይት ላይ ያለው ቪርስ የሚባለው መሣሪያ ነጥቡን ወደ 375 ሜትር ስላጠበበው ትናንሾቹን እሳቶች አብልጦ ያያል።

ይህ የሚነደውን እሳት ማየት ነው። እሳት ያለፈበትን ምድር ማየት ግን ሌላ ሥራ ነው። ለምለም ቅጠል በዓይን ከሚታየው ቀይ ብርሃን ቀጥሎ ያለውን የኢንፍራሬድ ጨረር አብዝቶ ያንጸባርቃል፤ እርጥበት ያለበት ተክል ደግሞ ከዚያ የረዘመውን ሞገድ ይውጣል። ከተቃጠለ በኋላ ይህ ይገለበጣል፤ የመጀመሪያው ጨረር ይቀንሳል፥ ሁለተኛው ይጨምራል። ተመራማሪዎች ሁለቱን በማነጻጸር፥ ከእሳቱ በፊትና በኋላ የተነሡትን ምስሎች አንዱን ካንዱ በመቀነስ የቃጠሎውን ጠባሳ ወሰን ያሰምራሉ። ለዚህ ሥራ ላንድሳትና ከሰኔ 2007 (2015) ወዲህ የወጡት የአውሮጳ ሴንቲነል 2 ሳተላይቶች ይመረጣሉ፤ የሴንቲነል 2 ነጥብ ለዚህ በሚያስፈልጉት ሞገዶች 20 ሜትር ነው፤ ሁለቱ ሳተላይቶች ተባብረውም በየ5 ቀኑ ይመለሳሉ።

እንግዲህ ሁለት ዓይነት ምስክር አለን። አንዱ «አሁን ይነዳል» ይላል፤ ሌላው «ነድዶ ነበር» ይላል። የመጀመሪያው ለእሳት አጥፊ፥ ሁለተኛው ለታሪክ ጸሐፊ ይበልጥ ይጠቅማል። ሁለቱም ግን «ማን ለኰሰው? ለምንስ ለኰሰው?» ለሚለው ጥያቄ መልስ የላቸውም።

4ኛ፤ የ1992 የባሌና የቦረና ቃጠሎ

በኢትዮጵያ ይህ ምልከታ ለመጀመሪያ ጊዜ በብርቱ የተፈተነው በ1992 ነው። ከየካቲት ወር (2000) ጀምሮ፥ ዝናቡ በዘገየበትና ድርቁ በጠነከረበት ጊዜ፥ በባሌና በቦረና ዞኖች በሚገኙት ደጋማ ደኖች እሳት ተነሣ። እሳቱ ቀናት ብቻ ቈይቶ የሚጠፋ አልሆነም፤ ሳምንታት ቈየ። በብዙ ሺህ የሚቈጠር ሕዝብ፥ ገበሬ፥ ወታደርና ተማሪ ቅጠልና አፈር፥ አካፋና ቆንጨራ ይዞ ዘመተ። በየትምህርት ቤቱና በዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎች ደኑ እንዲድን ድምፃቸውን ከፍ አድርገው አሰሙ። መንግሥት የውጭ እርዳታ በመጠየቁ ከጀርመን፥ ከደቡብ አፍሪካና ከአሜሪካ ባለሙያዎች መጡ። በመጨረሻ እሳቱን በሙሉ ያጠፋው ግን በመጋቢት ማብቂያ ገደማ የጣለው ዝናብ እንደ ሆነ ተጽፏል። የተቃጠለው ደን ከመቶ ሺህ ሄክታር በላይ እንደ ሆነ በጊዜው ተገምቷል።

በዚህ ጊዜ ከሰማይ የተገኘው እርዳታ ምን ነበር? በጀርመን አገር በፍራይቡርግ ከተማ የሚገኘውና በዮሐን ጎልዳመር የሚመራው የዓለም የእሳት መከታተያ ማዕከል ገና በ1998 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር የተቋቋመ ነበር። ማዕከሉ የኖአንና የአሜሪካን ጦር ሳተላይቶች ምስል እየሰበሰበ የእሳቱን ስፍራና የጭሱን ጉዞ ይገልጥ ነበር። ይህ የሳተላይት ምስል ለሩቁ ዓለም ነገሩን ግልጽ አደረገው። በጠረጴዛ ዙሪያ «እሳቱ ያን ያህል አይደለም» ወይም «ጠፍቷል» የሚለውን ክርክር ምስሉ ሊዳኘው ቻለ።

በአጋጣሚ ሆኖ፥ ቴራ የተባለው አዲሱ ሳተላይት ወደ ጠፈር የወጣው ታኅሣሥ 8 ቀን 1992 (1999) ሲሆን፥ በላዩ ያለው የሞዲስ መሣሪያ ዓይኑን ከፍቶ የመጀመሪያውን ምስል ያነሣው የካቲት 16 ቀን 1992 (2000) ነበር። ማለት፥ ዛሬ ዓለም በየቀኑ የሚጠቀምበት የእሳት መዝገብ የተከፈተው የባሌ ደን በሚነድበት በዚያው ወር ነው። መሣሪያው ገና በመሞከር ላይ ስለ ነበረ ለባሌ በጊዜው ሊደርስለት አልቻለም፤ ከዚያ ወዲህ ያለው የኢትዮጵያ እሳት ሁሉ ግን በዚህ መዝገብ ዘመን የሆነ ነው። የታሪክ ተማሪ ይህን ወሰን ሊያውቅ ይገባዋል፤ ከ1992 በፊት ያለው እሳት በቃል ትዝታ፥ በጥቂት ወረቀትና ላንድሳት አልፎ አልፎ ባነሣው ምስል የሚታወቅ ሲሆን፥ ከ1992 ወዲህ ያለው በዕለት መዝገብ ይገኛል።

ከቃጠሎው በኋላ በመስከረም 1993 (2000) ስለ ደን እሳት አጠባበቅ በአዲስ አበባ የምክክር ጉባኤ ተደርጓል። የጉባኤው ዋና ትምህርት ቀላል ነበር፤ እሳትን ማየት ብቻውን እሳትን አያጠፋም፤ ያየውን ለሚያጠፋው የሚያደርስ መንገድ፥ ለሚያጠፋውም መሣሪያና ሥልጠና ያስፈልጋል። ይህ ትምህርት ከ19 ዓመት በኋላም ተደግሟል። በመጋቢትና በሚያዝያ 2011 (2019) የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ሲቃጠል ሳተላይቶቹ ነጥቡን በየዕለቱ ያሳዩ ነበር፤ ይሁን እንጂ ገደሉን የሚደርስበት ሄሊኮፕተር ከኬንያ፥ እሳት አጥፊዎችም ከእስራኤል እስኪመጡ ድረስ ዋናው ትግል የወደቀው በአካባቢው ሕዝብ ላይ ነበር።

5ኛ፤ ላንቴ በሳተላይት ዓይን

አሁን ከታላቁ እሳት ወደ ትንሹ እንለፍ። ላንቴ ከአርባ ምንጭ ወደ ሶዶ በሚወስደው መንገድ ላይ፥ ከአባያ ሐይቅ ምዕራብ የሚገኝ የቈላ ስፍራ ነው። በስተምዕራቡ የጋሞ ደጋ እስከ ጉጌ ተራራ ድረስ ሽቅብ ይወጣል፤ ከደጋው የሚወርዱት ወንዞች ሜዳውን ያጠጣሉ። በዚህ ምድር ዛሬ ዋናው ተክል ሙዝ ነው፤ ከሙዙ ጎን በቆሎና ሌላም አዝመራ ይዘራል። ከሐይቁ ማዶና ወደ ደቡብ ምሥራቅ በ1966 (1974) የተቋቋመው የነጭ ሣር ብሔራዊ ፓርክ አለ። ፓርኩ 514 ካሬ ኪሎ ሜትር ሲሆን ስሙን ያገኘው በበጋ ከሚነጣው ሣር ነው።

የዚህ አካባቢ ዝናብ በዓመት ሁለት ጊዜ ነው፤ ዋናው ከመጋቢት እስከ ግንቦት፥ ሁለተኛው በመስከረምና በጥቅምት አካባቢ ይጥላል። ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ ደረቅ ስለ ሆነ የእሳት ወራት እርሱ ነው። ገበሬው የበቆሎውን አገዳ ሰብስቦ የሚያቃጥለውና ምንጣሮውን የሚያጸዳው የመጋቢት ዝናብ ሳይመጣ ነው፤ የሣሩ ሜዳም እሳት የሚቀበለው በዚሁ ጊዜ ነው።

ሳተላይቱ ከዚህ ምን ያያል? በመጀመሪያ የሰዓቱን ነገር እንመልከት። ቴራ በዚህ ሰማይ እንዲያልፍ የተመደበለት ከጧቱ 4 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ነበር፤ በሚያዝያ 1994 (2002) የወጣው እኅቱ አኳ ደግሞ ከቀኑ 7 ሰዓት ተኩልና ከሌሊቱ 7 ሰዓት ተኩል ገደማ። ጥንቁቅ ገበሬ ግን አገዳውን የሚያቃጥለው ነፋስ በማይነሣበት ሰዓት፥ ማለት በማለዳ ወይም ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። እሳቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ ያልቃል። ሳተላይቱ ሲያልፍ አመዱ ቀዝቅዟል። እንግዲህ የተጠነቀቀው ሰው እሳት ከመዝገቡ ይቀራል፤ ያመለጠው እሳት፥ በቀትር ነፋስ የተስፋፋው፥ ይመዘገባል።

ሁለተኛው የስፋት ነገር ነው። በጋሞ ቈላ የአንድ ቤተ ሰብ ማሳ ብዙ ጊዜ ከአንድ ሄክታር ያነሰ ነው። በ500 ሜትር ነጥብ የሚሠራው የተቃጠለ ምድር ካርታ፥ አንዱ ነጥብ 25 ሄክታር ገደማ ስለ ሆነ፥ እንዲህ ያለውን ማሳ ሊለይ አይችልም። ይህ የላንቴ ብቻ ችግር አይደለም። ተመራማሪዎች በ2016 እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከሰሐራ በታች ያለውን አፍሪካ በሴንቲነል 2 ምስል በመረመሩ ጊዜ፥ የተቃጠለው ምድር 4.9 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር ሆኖ ተገኘ፤ ይህም በሞዲስ ካርታ ከነበረው 80 በመቶ ያህል ይበልጣል። ልዩነቱ በአብዛኛው የትናንሽ እሳቶች ድምር ነው። ስለዚህ ቀድሞ «እዚህ እሳት የለም» የተባለበት ስፍራ ብዙ ጊዜ «እዚህ ትልቅ እሳት የለም» ተብሎ ሊነበብ ይገባው ነበር።

ሦስተኛው የስሕተት ምስክር ነው። ፀሐይ ከውኃ ላይ ስታንጸባርቅ፥ በቀትርም የጋለ ራቁት መሬት ሲበዛ፥ መሣሪያው እሳት የሌለበትን እሳት ነው ሊል ይችላል። በአባያና በጫሞ መካከል ባለ አገር ይህ ሊታሰብበት ይገባል። መሣሪያዎቹ ይህን የሚያጣሩበት ዘዴ አላቸው፤ ቢሆንም በሐይቅ ዳር ያለ አንድ ብቸኛ ነጥብ ያለ ሌላ ማረጋገጫ ለክስ ሊቀርብ አይገባም።

አራተኛውና ከሁሉ የሚከብደው፥ ጥፋት ሁሉ እሳት የሌለው መሆኑ ነው። ከአርባ ምንጭ ከተማ በታች፥ ከተማዋ ስሟን ካገኘችባቸው ምንጮች አጠገብ ያለው ደን የከርሰ ምድር ውኃ ስለሚያገኝ በበጋም ለምለም ነው፤ በቀላሉ አይነድም። ደኑን የሚጐዳው ማገዶ ለቀማና መጥረቢያ ነው። ከሰል የሚያከስለውም ሰው እንጨቱን በአፈር ከድኖ ስለሚያጨስ እሳቱ ነበልባል የለውም፤ ሳተላይቱም አብዛኛውን ጊዜ አያየውም። የእሳቱን መዝገብ ብቻ የሚያነብ ሰው፥ ሣር ያቃጠለውን ከብት ጠባቂ ወንጀለኛ፥ ደኑን በመጥረቢያ የጨረሰውን ንጹሕ አድርጎ ሊያይ ይችላል።

በተቃራኒውም ሙዝ አይነድም፤ ግንዱ ውኃ ነው፥ ቅጠሉም እዚያው ይበሰብሳል። ስለዚህ የበቆሎ ማሳ ወደ ሙዝ በተለወጠበት ሁሉ የእሳት ነጥብ እንዲያንስ እንጠብቃለን። ይህ ግን ደን ተመለሰ ማለት አይደለም። የነጥቡ ማነስም ሆነ መብዛት ምክንያቱ የሚገኘው ከምድር ነው።

6ኛ፤ እሳት ሁሉ ጥፋት ነውን?

ይህን ጥያቄ የምናነሣው ለመከራከር ያህል አይደለም። በሕግ ረገድ ነገሩ የከበደ ነው፤ በደን ውስጥ እሳት መለኰስ በጽኑ የሚያስቀጣ ወንጀል ነው። ሳተላይቱ ደግሞ ይህን ሕግ የሚያስፈጽም ዓይን ሊሆን ይችላል። እንግዲህ የምንቀጣው ምን እንደ ሆነ ማወቅ አለብን።

በቦረና የግጦሽ ምድር እሳት ከጥንት ጀምሮ የቍጥቋጦ መቈጣጠሪያ ነበር። በ1960ዎቹ መጨረሻ (1970ዎቹ) ማቃጠል ከተከለከለ በኋላ ቍጥቋጦው ሣሩን እያነቀ እንደ ተስፋፋ ብዙ ጥናቶች ገልጸዋል፤ አርብቶ አደሮቹም ራሳቸው ይመሰክራሉ። በነጭ ሣር ሜዳም የቍጥቋጦው መስፋፋት ሣር በሊታዎቹን አራዊት፥ በተለይም የስዌይንን ቆርኬ፥ እንደሚያሰጋ ተጽፏል፤ ለዚህም ከምክንያቶቹ አንዱ የግጦሽና የእሳት ሥርዓት መለወጥ ነው።

በባሌ ተራሮች ደግሞ ማሪያ ዮሐንሰን፥ ማስረሻ ፈጠነና ባልደረቦቻቸው በ2004 (2012) ባሳተሙት ጥናት፥ ከብት ጠባቂዎቹ የአስታ ቍጥቋጦን በሥርዓት እንደሚያቃጥሉ አሳይተዋል። ያረጀው ይነዳል፤ በቅርብ የተቃጠለው ለጋ ስለሆነ አይነድም፤ ስለዚህ ለጋው ያረጀውን እሳት የሚያቆም ወሰን ይሆናል። ክልከላው ግን ይህን ዕውቀት ከአደባባይ ወደ ስውር ገፍቶታል። በሽማግሌ ፈቃድና በብዙ ሰው ጥበቃ ይለኰስ የነበረው እሳት በአንድ ሰው እጅ በሽሽት ሲለኰስ፥ የሚያመልጥበት ዕድል ይበዛል።

ከዚህ የምንረዳው፥ በሳተላይቱ ካርታ ላይ ያለ አንድ ቀይ ነጥብ ሦስት የተለያየ ነገር ሊሆን እንደሚችል ነው፤ ጥፋት፥ ሥራ ወይም አደጋ። ሦስቱንም አንድ ቀለም ይቀባቸዋል። ለይቶ የሚያውቃቸው በምድር ላይ ያለው ሰው ነው።

7ኛ፤ መዝገቡ የማን ነው?

ለረጅም ጊዜ የሳተላይት ምስል በገንዘብ የሚገዛ ነበር፤ የድኻ አገር ተማሪም ስለ አገሩ የተጻፈውን ያነብ ነበር እንጂ ምስሉን ራሱ ሊመረምር አይችልም ነበር። በ2000 (2008) የላንድሳት መዝገብ ለሁሉ በነጻ እንዲከፈት ሲወሰን ይህ ተለወጠ። የሞዲስና የቪርስ የእሳት ነጥቦችም ሳተላይቱ ባለፈ በጥቂት ሰዓት ውስጥ በነጻ ይገኛሉ። በየሩብ ሰዓቱ አፍሪካን የሚያነሡት የአውሮጳ ሜቴኦሳት ሳተላይቶችም አሉ፤ እነዚህ ከምድር ርቀው ስለሚቆሙ ትንሹን እሳት አያዩትም፥ ቀኑን ሙሉ ግን ዓይናቸውን አይከድኑም።

ኢትዮጵያም ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 (2019) በቻይና እርዳታ የተሠራውን የመጀመሪያዋን የምድር መመልከቻ ሳተላይት አሰማርታለች። ክብደቱ 72 ኪሎ ግራም ሲሆን ምስሉን የሚቀበለው ጣቢያ በእንጦጦ ነበር። ይህ ለአገር ኩራት ነው፤ ነገር ግን ዋናው ትርፍ የሚገኘው ምስሉን በሚያነቡ ሰዎች ነው። በ1979 (1986) በውኃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩትነት ተጀምሮ በ1996 (2004) ዩኒቨርሲቲ የሆነው የአርባ ምንጭ ትምህርት ቤት ስለ ውኃና ስለ አየር ሁኔታ ሲያስተምር ኖሯል፤ ከላንቴም ሩቅ አይደለም። መዝገቡን ለማንበብ ከዚህ የተሻለ ስፍራ ሊገኝ አይችልም።

መደምደሚያ

ካየነው ሁሉ ሦስት ነገር እናጠቃልላለን።

አንደኛ፥ እሳትን ከሰማይ ማየት ለሌላ ሥራ ከተሠራ መሣሪያ የተገኘ ዕውቀት ነው፤ በአገራችንም የዕለት መዝገቡ የሚጀምረው ከ1992 ነው። ከዚያ ወዲህ የሆነ ታላቅ ቃጠሎ ሊካድ ወይም ሊረሳ አይችልም። ይህ ለታሪክ ጸሐፊ ታላቅ ስጦታ ነው።

ሁለተኛ፥ መዝገቡ ሙሉ አይደለም። የሚያየው የሰፋውን፥ የቈየውንና በማለፊያው ሰዓት የነደደውን ነው። እንደ ላንቴ ባለ በትናንሽ ማሳ በተከፋፈለ ምድር ዝምታው ከንግግሩ ይበልጣል። ዝምታውን «እሳት የለም» ብሎ መተርጐም፥ ነጥቡንም ሁሉ «ጥፋት ነው» ብሎ መተርጐም እኩል ስሕተት ነው።

ሦስተኛ፥ የሳተላይቱን መዝገብ የሚሞላ የምድር መዝገብ ያስፈልጋል። ይህም ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። በአንድ ቀበሌ፥ ለምሳሌ በላንቴ፥ ሁለት ወይም ሦስት በጋ ያህል እያንዳንዱ ቃጠሎ በዕለቱ፥ በሰዓቱ፥ በስፋቱና በምክንያቱ ቢጻፍ፥ ከዚያም ከሳተላይቱ ነጥብ ጋር ቢተያይ፥ መሣሪያው በጋሞ ቈላ ምን ያህሉን እንደሚያይ በቍጥር ይታወቃል። ጋሞዎች ስለ አገር ጕዳይ የሚመክሩበት ዱቡሻ የሚባል የሽማግሌዎች ሸንጎ አላቸው። ካርታው ወደዚያ ሸንጎ ቀርቦ «ይህ ምን ነበር?» ተብሎ ቢጠየቅ፥ ሳተላይቱ ያልተናገረውን የሚናገር አይጠፋም። ቅጣትም ሆነ እርዳታ ከዚህ ጥያቄ በኋላ ቢመጣ ፍርዱ የቀና ይሆናል።

ባሌ በነደደ ጊዜ የጐደለው ያየውን ለሚያጠፋው የሚያደርስ መንገድ ነበር። በላንቴ የሚጐድለው ያቃጠለውን ከሚያየው ጋር የሚያገናኝ ነው። የአገራችን ተማሪዎች በዚህ መካከል ገብተው ቢሠሩ ለደኑም ለገበሬውም ይጠቅማሉ፤ ስለ እሳት ሳይጻፍ የቀረውንም የታሪካችንን ክፍል መጻፍ ይጀምራሉ።